ነጥቡ በሌሎች ስም የተመዘገበ ተጫዋች፦ የሼን ባቲየርና የሂዩስተን ሮኬትስ ጉዳይ ከሐዋሳ ሜዳ ሲታይ

ሐዋሳ ውስጥ የሰፈር ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስ ማሠልጠን ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ ከጨዋታ በኋላ ልጆቹ ወደ እኔ የሚሮጡት አንድ ጥያቄ ይዘው ነው፦ «ኮች፣ ስንት አገባሁ?» ጥያቄውን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ በእጄ የምይዘው ደብተር ከየስማቸው ትይዩ ነጥብ ብቻ የሚጻፍበት ነበርና። በዚያ ደብተር ላይ መስመሩ ሁልጊዜ ባዶ ሊባል የሚችል አንድ ልጅ ነበረን። ቡድናችን በተከታታይ ይሸነፍ በነበረበት ወቅት ደብተሩን ተመልክቼ ልጁን ከቋሚ ተሰላፊነት አወጣሁትና በቦታው ኳስ መወርወር የሚወድ ሌላ ልጅ አስገባሁ። ውጤቱ ባሰበት። ልጁ ከወንበር ተነሥቶ ሲገባ ግን የቀሩት አራቱ ቦታቸውን ያገኙ ይመስሉ ነበር፤ ተጋጣሚም እንዳሻው ወደ ቀለበቱ ሥር መግባቱን ያቆማል። ይህን በዓይኔ እያየሁ በወረቀት ማስረዳት አለመቻሌ አስጨነቀኝ። ስለዚህ ተመሳሳይ ነገር በብዙ ጨዋታዎች ላይ ተመዝግቦ የሚገኝበትን አንድ ጉዳይ መርጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማጥናት ወሰንኩ። የመረጥኩት በአሜሪካው ኤን ቢ ኤ ሊግ የሚጫወተው ሂዩስተን ሮኬትስ ከ2006 እስከ 2008 ያለፈበትን መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮከብ ያልጎደለው፣ ድል ግን የራቀው ቡድን

ሮኬትስ በ2005/06 የውድድር ዘመን ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች ውስጥ በ34ቱ አሸንፎ በ48ቱ ተሸነፈ። ይህ ቡድን በስም የሚታማ አልነበረም። በ2002 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠውና ቁመቱ 2 ሜትር ከ29 የሆነው ቻይናዊው ያኦ ሚንግ በቅርጫቱ ሥር ይጫወት ነበር። በ2003 እና በ2004 የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ የነበረው ትሬሲ ማግሬዲም በክንፍ በኩል ነበረለት። ሆኖም በዚያ ዓመት ማግሬዲ በ47፣ ያኦ ደግሞ በ57 ጨዋታዎች ብቻ ነው የተሰለፉት፤ ሌላው ጊዜ በጉዳት አለፈ።

ጉዳቱ የሽንፈቱን ትልቁን ክፍል ይገልጻል፤ ሁሉንም ግን አይገልጽም። ያኦ ኳስ ሲይዝ ተጋጣሚ ሁለተኛ ሰው ይደርብበታል፤ የተደረበው ሰው ደግሞ የሚመጣው ከአንድ የሮኬትስ ተጫዋች አጠገብ ተነሥቶ ነው። ያ የተተወ ተጫዋች ከሩቅ የማያገባ ከሆነ መደረቡ ዋጋ አያስከፍልም፤ በዚህም ምክንያት ረጅሙ ሰው በሁለት ሰው መሀል ታፍኖ ይቀራል። በሌላው የሜዳ ክፍል ደግሞ የተጋጣሚን ምርጥ አስቆጣሪ ጨዋታውን ሙሉ የሚከተል ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ማግሬዲ ራሱ ከያዘው፣ ለማጥቃት የሚያስፈልገውን ጉልበት በመከላከል ይጨርሰዋል። ኳስ ሳይጠይቅ እነዚህን ሁለት ሸክሞች የሚሸከም ሰው ነበር የጎደለው።

በ2006 ክረምት ሮኬትስ በድራፍቱ 8ኛ ሆኖ የተመረጠውን ወጣት ሩዲ ጌይን ከስትሮማይል ስዊፍት ጋር ለሜምፊስ ግሪዝሊስ ሰጥቶ ሼን ባቲየርን ወሰደ። ለተመልካች ይህ ዝውውር ለመቀበል የሚከብድ ነበር። ጌይ ከፍ ብሎ የሚዘል፣ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚያገባ፣ ገና ያልበሰለ ተስፋ ነው፤ በሁለተኛ ዓመቱም በአማካይ ከ20 ነጥብ በላይ አስቆጥሯል። ባቲየር ግን በዚያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር፤ በፍጥነቱም በዝላዩም የሚደነቅ አልነበረም፤ ሂዩስተን በገባበት ዓመትም በአማካይ ያስቆጠረው 10 ነጥብ ገደማ ነው። በነጥብ ብቻ የሚመዝን ደብተር ይህን ዝውውር ኪሳራ ብሎ ይዘጋው ነበር፤ የእኔም ደብተር እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ክለቡ ሌላ ነገር አይቶ ነበር። ባቲየር በ2001 ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ የኮሌጅ ሻምፒዮንና የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ነበር። ግሪዝሊስ ከቫንኩቨር ወደ ሜምፊስ በተዛወረበት በዚያው ዓመት ቡድኑን ሲቀላቀል ቡድኑ 23 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ደካማ ነበር፤ በ2003/04 ግን 50 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮም ሦስት ዓመት በተከታታይ ጥሎ ማለፍ ገባ። ሮኬትስን በ2006 የተቀላቀለውና በቀጣዩ ዓመት ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነው ዳርል ሞሪ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ ሰው ነው፤ ተጫዋችን የሚመዝነውም አንድ ሰው ሜዳ ላይ ባለበት ጊዜ በቡድኖቹ መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት ወዴት እንደሚሄድ በማየት ጭምር ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ተጫዋቹ በገባበት ደቂቃ ውጤቱ 20 ለ20 ሆኖ ሲወጣ 34 ለ28 ከሆነ፣ አንድም ነጥብ ባያስቆጥር ለእሱ 6 ይመዘገብለታል። ፕላስ ማይነስ የሚሉት ይህንን ነው።

ባቲየር ምን ሠራ?

በመጀመሪያው ዓመት በ82ቱም ጨዋታዎች በቋሚነት ተሰለፈ። ቡድኑ 52 ጨዋታ አሸነፈ፤ ካለፈው ዓመት በ18 የሚበልጥ ድል ማለት ነው። ወደ ማጥቃት ስንመጣ የባቲየር ሥራ በአብዛኛው ጥግ ላይ መቆም ነበር። በኤን ቢ ኤ ሜዳ የሦስት ነጥብ መስመር ከቅርጫቱ ፊት ለፊት 7 ሜትር ከ24 ሲርቅ በጥጉ በኩል ግን 6 ሜትር ከ71 ብቻ ነው። ስለዚህ ጥጉ ከሁሉም አጭሩ የሦስት ነጥብ ቦታ ነው። ባቲየር በዚያ ዓመት ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ከወረወራቸው ኳሶች 42 ከመቶ ያህሉን አግብቷል። የዚህ ቁጥር ዋናው ጥቅም ያገባቸው ኳሶች አይደሉም። እሱን የሚጠብቀው ተከላካይ ትቶት ወደ ያኦ መሮጥ ስለሚፈራ ያኦ አንድ ለአንድ ይጫወታል። ያኦ በዚያ ዓመት በአማካይ 25 ነጥብ ሲያስቆጥር በጥጉ የቆመው ሰው ድርሻ በያኦ ስም ተጽፎ አለፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ አንድ ነገር ላንሣ። በእኛ ሜዳ ራሱን ለቡድኑ አሳልፎ የሚሰጥ ልጅ ሲባል ብዙዎች የሚረዱት ኳስ ሲደርሰው ወዲያው ለሌላው የሚመልሰውን ነው። የባቲየር ጉዳይ ይህን አያስተምርም። ነጻ ሆኖ ጥግ ላይ ቆሞ ኳስ ሲደርሰው መወርወር ግዴታው ነበር፤ ካልወረወረ ተከላካዩ ከዚያ በኋላ እሱን መጠበቅ ይተውና ያኦ እንደገና በሁለት ሰው መሀል ይገባል። ውርወራን መሸሽ ትሕትና ይመስላል እንጂ ሸክሙን ወደ ጓደኛ ትከሻ ማሻገር ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ2013 የፍጻሜ ውድድር ሰባተኛ ጨዋታ፣ ማያሚ ሂት ሳን አንቶኒዮ ስፐርስን 95 ለ88 አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ፣ በዚያ የጥሎ ማለፍ ወቅት የመጫወቻ ጊዜው ተቀንሶ የነበረው ይኸው ባቲየር ከ8 የሦስት ነጥብ ውርወራ 6ቱን አግብቷል። ቂም ይዞ የቆየ ሰው፣ ወይም ኳሱን የሚፈራ ሰው፣ ያን አያደርግም።

በመከላከል በኩል ያለው ሥራው ከዚህም ይጠልቃል። ክለቡ ስለ ተጋጣሚ አስቆጣሪዎች ያዘጋጀውን ዝርዝር መረጃ ይሰጠው ነበር፤ እሱም ከጨዋታ በፊት ያጠናዋል። መረጃው የሚነግረው ሰውየው በየትኛው እጁ ሲሄድ እንደሚከብድ፣ ከየትኛው ቦታ ሲወረውር እንደሚሳሳት ነው። የዚህ አሠራር መሠረት ተራ ሒሳብ ነው፦ ከ100 ረጅም ባለ ሁለት ነጥብ ውርወራ 40ው ቢገባ 80 ነጥብ ይሆናል፤ ከ100 ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ 36ቱ ብቻ ቢገባ እንኳ 108 ነጥብ ነው። ስለዚህ ታላቅ አስቆጣሪን ጨርሶ ማስቆም ባይቻልም፣ ከቀለበቱ ሥርና ከፋውል መስመር አርቆ ወደዚያ አነስተኛ ዋጋ ወዳለው ውርወራ መግፋት ይቻላል። ባቲየር ኮቢ ብራያንትን ሲጠብቅ ኳሱን ለመምታት አይዘልም ነበር፤ ከዘለለ ፋውል ይሠራል፣ ብራያንትም የፋውል መስመር ላይ ቆሞ በነጻ ያገባል። ይልቁንም እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ኳሱ ከእጅ በሚወጣበት ቅጽበት መዳፉን በሰውየው ዓይን ፊት ይዘረጋል። ሳይነካው ቀለበቱን ይጋርድበታል።

መጋቢት ላይ፣ በፈረንጆቹ ማርች 16 ቀን 2008፣ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ወደ ሂዩስተን መጣ። ብራያንት በዚያ የውድድር ዘመን የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ ሰው ነው። በዚያን ዕለት 33 ጊዜ ወርውሮ 11ዱን ብቻ አገባ፤ 24 ነጥብ ነበረው። ነጥቡን ብቻ የሚያነብ ሰው ብራያንት ጥሩ ተጫውቷል ይላል። ወረቀቱን አስተካክሎ የሚያነብ ግን 22 ጊዜ የሌከርስ ጥቃት በብራያንት እጅ ሳይሳካ እንደቀረ ያያል። ሮኬትስ 104 ለ92 አሸነፈ። ለአሸናፊው ቡድን ከፍተኛ ነጥብ ያስቆጠረው 31 ነጥብ ያገባው ራፈር አልስተን ነበር፤ በማግስቱ ሰው ያወራውም ስለ እሱ ነው፤ ይገባዋልም።

ያ ድል ለሮኬትስ 22ኛው ተከታታይ ድል ነበር። ተከታታይ ድሉ በጃንዋሪ 29 ሲጀመር ቡድኑ 24 አሸንፎ 20 ተሸንፎ በመሀል ሰፋሪነት የሚንገታገት ነበር። በፌብሩዋሪ 26 የያኦ ግራ እግር አጥንት መሰንጠቁ ታወቀና ከዓመቱ ጨዋታ ወጣ። እስከዚያ 12 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው ነበር፤ ሰው ሁሉ አበቃ ያለውም በዚህ ጊዜ ነው። በያኦ ቦታ የገባው 41 ዓመት የሞላው ኮንጎአዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ነበር። ቡድኑ ያለ ያኦ ሌላ 10 ጨዋታ አሸነፈና በማርች 18 በቦስተን ሴልቲክስ 94 ለ74 ተሸንፎ ቆመ። በጊዜው በሊጉ ታሪክ ሌከርስ በ1971/72 ካስመዘገበው 33 ቀጥሎ ረጅሙ ተከታታይ ድል ነበር። በ2013 ማያሚ ሂት በ27 ድል አለፈው፤ በዚያ ቡድን ውስጥም ባቲየር ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያቆመኝ አንድ ትንሽ ድርጊት ናት። በ2007/08 ሮኬትስ ከሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ጋር ሲገናኝ የባቲየር ሥራ ማኑ ጂኖቢሊን መጠበቅ ነበር። ጂኖቢሊ ግን ከወንበር ተነሥቶ የሚገባ ተጫዋች ስለሆነ ባቲየር በቋሚነት ከጀመረ የሁለቱ ደቂቃ አይገጥምም። ባቲየር ወደ አሠልጣኙ ሪክ አደልማን ሄዶ ከቋሚ ተሰላፊዎች እንዲያወጣውና ጂኖቢሊ ሲገባ አብሮ እንዲያስገባው ጠየቀ። ለማንኛውም ተጫዋች በቋሚነት መሰለፍ ክብር ነው፤ እናትና አባት በመክፈቻው ሲጠራ ሊያዩት የሚመጡበት ነገር ነው። ይህን በራሱ ፈቃድ ለሌላ ስጡልኝ ያለውን ሰው ደብተሬ በምን ዓምድ ይመዘግበው ነበር?

ጉዳዩ የማያረጋግጠው

ይህን ጽሑፍ ለሌሎች አሠልጣኞች ሳነብ የሚነሣው ተቃውሞ ትክክል ነው። ከ34 ወደ 52 የወጣውን ድል ሁሉ ለባቲየር መስጠት አይቻልም። ማግሬዲ በ2005/06 በ47 ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ በቀጣዩ ዓመት በ71 ነው የተሰለፈው፤ አንድ ታላቅ አስቆጣሪ 24 ጨዋታ ጨምሮ መገኘቱ ብቻውን ብዙ ድል ያመጣል። በሌላ በኩል ያኦ በዚያ በተሻለው ዓመት የተሰለፈው በ48 ጨዋታ ነው፤ ከቀድሞው 57 ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳቱ በአንድ በኩል ቀንሶ በሌላው በኩል ጨምሯል። ለሁለተኛው ዓመትም አሠልጣኙ ጄፍ ቫን ጋንዲ ሄዶ አደልማን መጣ፤ የማጥቃቱ ዘዴም አብሮ ተቀየረ።

ባቲየር የተለየው ሜምፊስም በአንድ ዓመት ከ49 ድል ወደ 22 ወረደ። ይህን እንደ መጨረሻ ማስረጃ የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ እኔ አላነሣውም። የሜምፊስ ምሰሶ የነበረው ፓው ጋሶል በዚያ ክረምት እግሩ ተሰብሮ የዓመቱ መጀመሪያ ጨዋታዎች አልፈውታል። አንድን ቤት ያፈረሰው የቱ ምሰሶ ነው ብሎ ሁለቱም በወደቁበት ጊዜ መወሰን አይቻልም። ሮኬትስም በ2007 በዩታ ጃዝ 4 ለ3፣ በ2008 ደግሞ በዚያው ቡድን 4 ለ2 ተሸንፎ በሁለቱም ዓመት ከመጀመሪያው ዙር አላለፈም። ራሱን ለቡድኑ የሚሰጥ ተጫዋች የተጎዳ ኮከብን አይተካም።

ታዲያ ምን ይቀራል? በእኔ አስተያየት የሚቀረው ጠባብ ግን ጠንካራ ነገር ነው። ያኦ በወጣባቸው 10 ጨዋታዎች ቡድኑን ያቆየው መከላከሉ ነበር፤ የዚያ መከላከል የፊት መስመር ደግሞ በየምሽቱ የተጋጣሚን ምርጥ የክንፍ አስቆጣሪ የሚይዘው ሰው ነው። በ2008 እና በ2009 ባቲየር በሊጉ የምርጥ ተከላካዮች ሁለተኛ ቡድን ውስጥ መካተቱ ይህን ያየ ሌላ ዓይን እንደነበረ ያሳያል። አሠልጣኞቹ ሲቀያየሩ፣ ኮከቦቹ ሲታመሙና ሲድኑ፣ ይህ ሥራ በእሱ እጅ ሆኖ ቀጥሏል።

በእኛ ሜዳ

ከዚህ ጥናት በኋላ ደብተሬን ቀየርኩ። እንደ ኤን ቢ ኤ በካሜራና በኮምፒውተር መመዝገብ አንችልም፤ ሜዳችን ሲሚንቶው የተሰነጠቀ፣ መስመሩ የተፋቀ፣ ቀለበቱ መረብ የሌለው በመሆኑ ኳሱ ገባ አልገባ በሚለው እንኳ ክርክር የሚነሣበት ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ሲገባና ሲወጣ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደነበር ለመጻፍ እርሳስ ይበቃል። ከዚህ ሌላ ሁለት ዓምድ ጨመርኩ፦ የተጋጣሚው ዋና አስቆጣሪ ልጁ ሲጠብቀው ስንት ጊዜ ወርውሮ ስንት አገባ የሚል፣ እና ጓደኛን ነጻ ለማውጣት ስንት ስክሪን ቆመ (በአካሉ የተከላካይን መንገድ ዘጋ) የሚል። የጥቂት ጨዋታ ፕላስ ማይነስ አታላይ እንደሆነ ለልጆቹ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ጎበዝ ከሆኑ አራት ልጆች ጋር የተሰለፈ ሁሉ ጎበዝ ይመስላልና። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ አልፈርድም፤ ልጆቹንም እያቀያየርኩ አሰልፋለሁ።

ከወንበር ያስቀመጥኩትን ልጅ ጠርቼ ስሕተቱ የእኔ እንደነበረ በጓደኞቹ ፊት ነገርኩት። ቋሚ ተሰላፊም አደረግሁት። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ «አንተ እኮ የቡድኑ ልብ ነህ» እያልን ደቂቃውን ግን ለአስቆጣሪ የምንሰጥ አሠልጣኞች ብዙ ነን፣ ልጅ ደግሞ የሚያምነው ቃላችንን ሳይሆን ማንን እንደምናሰልፍ ነው። ጥግ ላይ ቆሞ እንዲወረውርም አዘዝኩት። በመጀመሪያ ፈራ። አሁን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ገና ሳይበረታ፣ አሥር ሰዓት ላይ ቀድሞ መጥቶ ከጥጉ ብቻውን ሲወረውር አገኘዋለሁ፤ ኳሱ በመታው ቁጥር መረብ የሌለው ብረት የሚሰጠው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር ተጫወትን። የእነሱ ምርጥ አስቆጣሪ ፈጣን፣ በቀኙ የሚገባ፣ ዳኛ የሚያስጨንቅ ልጅ ነው። የእኛው ልጅ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ቀኙ ተጠግቶ ቆመለትና በግራው እንዲሄድ አስገደደው፤ ሲዘል አብሮ አልዘለለም፤ መዳፉን ብቻ ዘረጋ። ጨዋታው እንዳለቀ እንደወትሮው ከበቡኝ። ሁሉም ነጥባቸውን ጠየቁና አነበብኩላቸው። እሱ ከኋላ ቆሞ የሸሚዙን ጫፍ በእጁ እያጠቀለለ ጠበቀ፤ ሌሎቹ ሲበተኑ ጠጋ ብሎ በዝግታ ጠየቀኝ፦ «ኮች፣ ያ ልጅ እኔ ስይዘው ስንት አገባ?»